የይቅርታው ብዕር በማን እጅ ነው?

ከቲቡርቲና ጣቢያ በሜትሮ «ቢ» መስመር ስድስት ፌርማታ የሄደ ሰው ሬቢቢያ ላይ ይወርዳል፤ መስመሩም እዚያው ያበቃል። ብዙዎቻችን ሠፈሩን የምናውቀው በቤት ኪራዩ ነው። ጣሊያኖቹ ግን ስሙን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚታያቸው ትልቁ እስር ቤት ነው። በዚያ በር ከገቡት ፖለቲከኞች መካከል ሁለቱን ላንሣ። ቼሳሬ ፕሬቪቲ የመከላከያ ሚኒስትርና የቤርሉስኮኒ ጠበቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ዳኛ በጉቦ አባብለዋል ተብለው የስድስት ዓመት ፍርድ ጸንቶባቸው እ.ኤ.አ. በሜይ 2006 ሬቢቢያ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤታቸው ተመልሰው እዚያው እንዲታሰሩ ተፈቀደላቸው። በጁላይ መጨረሻ ደግሞ ፓርላማው ባወጣው «ኢንዱልቶ» ሦስት ዓመት ተቀነሰላቸው። ሁለተኛው የሲሲሊያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳልቫቶሬ ኩፋሮ ናቸው። በጃንዋሪ 2011 ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው ገቡ፤ የወጡት በዲሴምበር 2015 ነው። ማፊያ ነክ ወንጀል ከዚያ ከ2006ቱ ሕግ ውጪ ነበርና እርሳቸውን የሚያድን በር አልተገኘም።

ሁለቱን ያነሣሁት በሰዎቹ ለመፍረድ አይደለም። ፖለቲከኛ ሲከሰስ ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው በዳኛውና በዐቃቤ ሕጉ ላይ ነው። ከእነርሱ ኋላ ግን ብዕር ይዞ የቆመ ሌላ ሰው አለ፤ የፍርዱን ዕድሜ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ይህ ብዕር በማን እጅ እንደ ነበረ፣ ያም በክሱ ላይ ምን እንዳደረገ ከአገራችንና ከምንኖርበት አገር ታሪክ ለማየት እሞክራለሁ። (የኢትዮጵያውን ነገር በእኛ አቆጣጠር፣ የጣሊያኑን በፈረንጆቹ ጽፌዋለሁ።)

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ። በሕግ ቋንቋ ይቅርታ ሌላ፣ ምሕረት ሌላ ነው። ይቅርታ ከተፈረደ በኋላ ቅጣቱን ማስቀረት ወይም ማቅለል ሲሆን ጥፋተኝነቱ እንዳለ ይቆያል። ምሕረት ግን ነገሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ያልተከሰሰው አይከሰስም፣ የተከሰሰው ክሱ ይቀራል። ጣሊያኖቹ የመጀመሪያውን «ግራጽያ» ይሉታል፤ በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 87 የፕሬዚዳንቱ ነው። ሁለተኛውን «አምኒስቲያ» ይሉታል፤ ይህና በጅምላ ቅጣት የሚቀንሰው «ኢንዱልቶ» በአንቀጽ 79 የፓርላማው ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ስም የሌለው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ዐቃቤ ሕግ «ክሴን አንሥቻለሁ» ማለቱ ነው። እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ አገር ብዕሩ ከጥንት ጀምሮ የንጉሥ ነበር። የበታች ዳኛ የፈረደው በዙፋን ችሎት ይሻራል፣ ይጸናል ወይም ይቀልላል። በዚያ ሥርዓት ፈራጅና ይቅር ባይ አንድ ሰው ስለሆነ ክስ ማለት ራሱ የድርድር መጀመሪያ ነበር። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ሲከሰሱ ሞት ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት፤ ሀብታቸው ተወረሰ። ነፍሳቸውን ለባለቤቱ መልሶ ጎጃምን ከነሀብቱ መውሰድ ማለት ነው። ራስ ኃይሉ በኋላ ከጣሊያን ጋር አብረው፣ ከነፃነት በኋላ ከፍ ባለ ክብር በቁም እስር ኖሩ። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር የተዋጋው በላይ ዘለቀ ግን ታስሮ፣ ለማምለጥም ሞክሮ ተይዞ፣ በጥር 1937 ተሰቀለ። ጎጃሜ አንባቢዬ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ ዛሬም ሲነሣ ጠጅ ያስቀምጣል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ለሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። በአገሪቱ የነበሩት ብዙ ሺህ ጣሊያኖች በዚያ ቃል ዳኑ። ይህ ትልቅ ምሕረት ነው፤ ዛሬ በሮማ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናችን ከሚቀመጡት አዛውንቶች የአንዳንዶቹ አባት የተረፈው በዚያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለተራው ጣሊያናዊ የተሰጠ ምሕረት ነበር እንጂ ለግራዚያኒና ለባዶሊዮ አልነበረም። ለእነርሱ ኢትዮጵያ የጠየቀችው ፍርድ ነበር።

የሆነውን እንይ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተጀመረው ጭፍጨፋ፣ ከዚያም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ዘመነ ሥልጣን የተፈጸመ ነው። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አሥር ጣሊያኖችን ከሰሰች፤ ከላይ የተቀመጡት ባዶሊዮና ግራዚያኒ ነበሩ። ኮሚሽኑ በማርች 1948 ክሱ ለፍርድ የሚያበቃ መነሻ እንዳለው ተቀበለ፤ በዚያው ወርም ሥራውን ጨርሶ ተበተነ። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ ለመስጠት ፈርማ ነበር። አንድም ሰው አልሰጠችም። እንግሊዝም ብትሆን ሙሶሊኒ ሲወድቅ መንግሥት ይዘው ከተባባሪ ኃይሎች ጋር የታረቁትን ባዶሊዮን ለኢትዮጵያ ችሎት ማቅረብ አልፈለገችም።

በአገራቸው ውስጥስ? በጁን 22 ቀን 1946፣ ጣሊያን ሪፐብሊክ ለመሆን በመረጠች በሦስተኛው ሳምንት፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፓልሚሮ ቶሊያቲ የምሕረት አዋጅ አወጣ። ቶሊያቲ የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ፣ በፋሺዝም ምክንያት ለዓመታት በስደት የኖረ ሰው ነው። ሐሳቡ አገር ማስታረቅ ነበር፤ አዋጁም ከባድ ግፍ የፈጸሙትን አይጨምርም ነበር። ነገር ግን «በተለይ አሰቃቂ» የሆነ ማሠቃየት ብቻ ከምሕረቱ ውጪ እንዲሆን ስለ ተጻፈ፣ አሰቃቂውን ከ«ተራው» የመለየቱ ሥራ ለዳኞች ተተወ። ዳኞቹ ደግሞ ብዙዎቹ በፋሺስት ዘመን የተሾሙ ነበሩ። አንዲት ቃል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከእስር ቤት አወጣች። ሕግ አውጪዎች የምሕረት አዋጅ በጻፉ ቁጥር ስለ ቅጽሎቻቸው ቢጨነቁ መልካም ነበር።

ግራዚያኒ እዚሁ ሮማ በ1948 ለፍርድ ቀረበ። የተከሰሰው በኢትዮጵያ ወይም በሊቢያ ባደረገው አይደለም፤ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። ጉዳዩ ወደ ጦር ፍርድ ቤት ተዛውሮ በሜይ 1950 የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከዚያ ውስጥ 13 ዓመት ከ8 ወሩ ወዲያው በቅነሳ ተነሣለት። ከ1945 ጀምሮ የታሰረውም ሲታሰብለት በዚያው ዓመት በኦገስት ነፃ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአዲሱ ፋሺስት ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1955 ሮማ ውስጥ ሞተ። በ2012 በአፊሌ መንደር መታሰቢያ ተሠራለት፤ ሱቢያኮ አጠገብ ነው፤ ወደ ሱቢያኮ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣውም ከፖንቴ ማሞሎ ነው። የእኛ ሰዎች በተቃውሞ ጮኹ፤ ጩኸቱም ተገቢ ነበር። ለእኔ ግን ከድንጋዩ ይልቅ የሚከብደው ቀድሞ የተሠራው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ስለ ፈሰሰው ደም አንድ የፍርድ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ለዚያ መታሰቢያ ገንዘብ የሚፈቅድ ሹም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያልተከሰሰን ሰው ይቅር ለማለት እንኳ አይቻልም፤ ለምን ይቅር እንደ ተባለ የሚያሳይ ወረቀት የለማ።

አሜሪካኖችም ይህን አድርገውታል። ፕሬዚዳንት ፎርድ ከሥልጣን የወረዱትን ኒክሰንን ገና ሳይከሰሱ ይቅር ያሉት ጳጉሜን 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። በኅዳር 14 ደግሞ ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አንዱ አገር ከክስ በፊት ይቅር አለ፣ ሌላው ከክስ በፊት ገደለ። በሁለቱም ቦታ ችሎት አልተቀመጠም።

ደርግ ሲወድቅ የተደረገው ግን ከዚህ ይሻል ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ በታኅሣሥ 1987 ችሎት ተከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፍ ደነገገ። ብዕሩን ከባለብዕሩ እጅ በሕገ መንግሥት መንጠቅ ማለት ነው፤ በአገራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ለርእሰ ብሔሩ የቀረችለት አንዲት ቀዳዳ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ናት። ችሎቱ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ በታኅሣሥ 1999 ኮሎኔል መንግሥቱና ጓዶቻቸው ጥፋተኛ ተባሉ፣ በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በግንቦት 2000 በይግባኝ ወደ ሞት ተለወጠ። ኮሎኔሉ ሐራሬ ነበሩ።

የሃይማኖት አባቶች ለእስረኞቹ ይቅርታ ለመኑ። በይቅርታ እንዳይወጡ አንቀጽ 28 አለ። ስለዚህ በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሃያ ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሰዎቹ የታሰሩት በ1983 ነው። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። በ2004 መባቻ ብዙዎቹ ቤታቸው ገቡ። ሕጉ አልተጣሰም፣ ይቅርታም አልተባለም፣ በሩ ግን ተከፈተ።

በአዲስ አበባው የጣሊያን ኤምባሲ የተጠለሉትን እዚህ ያለን ሰዎች መርሳት አንችልም። በግንቦት 1983 አራት የደርግ ባለሥልጣኖች ወደዚያ ግቢ ገቡ፤ ሁለቱ እዚያው ሞቱ። ጣሊያን ሞት የሚጠብቀውን ሰው አሳልፌ አልሰጥም ብላ ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህንና ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላን ለሠላሳ ዓመት ያህል አኖረቻቸው። በታኅሣሥ 2013 ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ በአመክሮ ተለቀቁ። ግራዚያኒን ለእኛ ያልሰጠች አገር የእኛን ሰዎች ለእኛ ያልሰጠችው በጥሩ ምክንያት ነው፤ የሞት ቅጣትን እኔም አልወድም። ቢሆንም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ጥርሴን እነክሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። ለፍርድ የቀረቡት ግን የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የማኅበራት ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ መሪዎች ክሱ ፖለቲካ ነው ብለው አልተከላከሉም። በሰኔ 1999 ጥፋተኛ ተባሉ። ሽማግሌዎች፣ ከእነርሱም ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ፣ በመንግሥትና በእስረኞቹ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው የይቅርታ ደብዳቤ ተፈረመ። ሐምሌ 9 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ሐምሌ 13 ቀን 38 ሰዎች በይቅርታ ወጡ። በፍርዱና በይቅርታው መካከል ያለው አራት ቀን ነው።

እነዚህን አራት ቀናት ደጋግሜ አስቤባቸዋለሁ። በጊዜው የነበረው የይቅርታ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 395/1996፣ ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ይቅር ለማለት መጀመሪያ መፍረድ ያስፈልጋል፤ ፍርዱም ከባድ በሆነ መጠን ይቅርታው ይገዝፋል። ዐቃቤ ሕጉ የሞት ቅጣት ሲጠይቅ ሽምግልናው ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር። በሕጉ መሠረት ማመልከቻውን የሚመረምር ቦርድ አለ፣ ቦርዱ ያሳስባል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። ለሕዝቡ መግለጫ የሰጡት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው። ብዕሩ የማን እንደ ሆነ ከዚያ ይታወቃል።

በዚያው መዝገብ ሁለት ሰዎች የተለየ መንገድ ያዙ። የሕግ ባለሙያዎቹ ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ በዚያ ሐምሌ ደብዳቤውን አልፈረሙም፤ ማስረጃ አቅርበው ተከላከሉ። በታኅሣሥ 2000 የሁለት ዓመት ከስድስት ወር ፍርድ ተሰጣቸው፤ የወጡት በመጋቢት ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በሐምሌ ቤቱ ገባ፤ ሁለት ዓመት ተኩል የተፈረደባቸው፣ ያውም በሕግ ፊት ቆመው የተከራከሩት፣ ስምንት ወር ተጨማሪ ታሰሩ። ይቅርታ ሰጪው አስፈጻሚው ሲሆን ችሎት ውስጥ መከላከል ኪሳራ ይሆናል። ለወደፊቱ ተከሳሽም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጠበቃ ከመያዝ ሽማግሌ መያዝ ይሻላል።

የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነገር ደግሞ የባሰውን ያሳያል። እርሳቸው ዳኛ ሳሉ በ1993 የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ለቅቀው፣ ፖሊስ ሰውየውን መልሶ ይዞ፣ ፓርላማውም በሙስና ለተከሰሰ ዋስትና የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ ሲያወጣ ያዩ ሰው ናቸው። በ1999 ከተፈቱት አንዷ ሆኑ፤ የአንድነት ፓርቲን መሩ። በ2001 መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ይቅርታው እንዴት እንደ ተገኘ ተናገሩ፤ የተገኘው በሽምግልና፣ ለእርቅ ሲባል መሆኑን ነበር ያብራሩት። ያን ካላስተባበሉ ይቅርታው ይሻራል ተባሉ። «ቃሌ» በሚል ርእስ የጻፉትን መልስ አወጡ፤ አላስተባበሉም። በታኅሣሥ 2001 ተይዘው ወደ ዕድሜ ልክ ፍርዳቸው ተመለሱ። ምርጫው በግንቦት 2002 ተካሄደ፤ እርሳቸው በመስከረም 2003 በአዲስ ይቅርታ ተፈቱ።

ሕጉ በሐሰት የተገኘን ይቅርታ መሻር ይፈቅዳል፤ በመርሕ ደረጃ ክፋት የለውም። ግን ይቅርታውን የሚሰጠውም፣ ሐሰት ነው የሚለውም፣ የሚሽረውም፣ በምርጫው የሚወዳደረውም አንድ ወገን ሲሆን፣ የተፈታው ሰው ከእስር ቤቱ ግቢ ወጣ እንጂ ከእስር ቤቱ አልወጣም። ይህን በስደት የምንኖር ሰዎች በቀላሉ እንረዳዋለን፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስለት ሰው ስንት ነገር አፉ ላይ ደርሶ እንደሚመልሰው እናውቃለን።

ጣሊያኖቹ ብዕሩን ለማሰር ሞክረዋል፤ ሙከራቸው ሊጠና የሚገባው ነው። ቀድሞ አምኒስቲያና ኢንዱልቶ በየጊዜው ይወጡ ነበር። በማርች 1992 ግን ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አባላት ሁለት ሦስተኛው ካልተስማማ እንዳይወጡ ተደረገ። ማሪዮ ኪየዛ ሚላኖ ውስጥ ጉቦ ሲቀበል ከተያዘ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች «ማኒ ፑሊቴ» እየመጣባቸው መሆኑን አላወቁም። በኋላ ዋናው በር ተዘጋባቸውና መስኮት ፍለጋ ሄዱ። በማርች 1993 መንግሥት የፓርቲ ሕገ ወጥ ገንዘብ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር አዋጅ አዘጋጀ፤ ፕሬዚዳንት ስካልፋሮ አልፈርምም አሉ። በጁላይ 1994 የቤርሉስኮኒ መንግሥት በጉቦ የተጠረጠረ ከፍርድ በፊት እንዳይታሰር የሚያደርግ ሌላ አዋጅ አወጣ፤ ሕዝቡ ጮኾ በቀናት ውስጥ ተነሣ። ክራክሲ ቱኒዚያ ገብተው በ2000 እዚያው ሞቱ።

የግለሰብ ይቅርታውም በክርክር አልፏል። የፍትሕ ሚኒስትሩ ካስቴሊ የኦቪዲዮ ቦምፕሬሲን ይቅርታ አላሳልፍም ሲሉ ፕሬዚዳንት ቻምፒ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ2006 በውሳኔ ቁጥር 200 ይቅርታ ለሰብአዊ ምክንያት የሚሰጥ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ነው፣ ሚኒስትር ሊያግደው አይችልም አለ። በኦገስት 2013 ቤርሉስኮኒ በግብር ማጭበርበር አራት ዓመት ሲጸናባቸው ደጋፊዎቻቸው ይቅርታ እንዲሰጥ ፕሬዚዳንት ናፖሊታኖን ወጠሩ። ናፖሊታኖ ፍርዱ ይከበር፣ ይቅርታ የሚፈልግም በሥርዓቱ ያመልክት አሉ። አልተሰጠም። ሆኖም ከአራቱ ዓመት ሦስቱ በዚያው በ2006 ኢንዱልቶ ተነሥቶ ነበር፤ ቀሪዋን አንድ ዓመት ቼዛኖ ቦስኮኔ በሚገኝ የአረጋውያን ማዕከል በማገልገል ፈጸሙ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅም ቢሆን ፓርቲዎቹ ከተስማሙ ይገኛል።

በእኛ አገር ከ2010 ወዲህ ብዕሩ ፍጥነት ጨምሯል። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በግንቦት 2010 በይቅርታ ተፈቱ፤ በሐምሌ የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ወጣ፤ ብዙ ስደተኛም በዚያ አገሩን አየ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ከዚያ ግን ያ ስም የለሹ ሦስተኛ መንገድ መጣ። በታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በልደት በዓል ዕለት፣ እነ አቶ ስብሐት ነጋ፣ አቶ ጃዋር መሐመድ፣ አቶ እስክንድር ነጋ ክሳቸው ተነሥቶ እንደሚፈቱ ተነገረ። ይቅርታ ቢሆን ማመልከቻና ቦርድ ያስፈልግ ነበር፤ ምሕረት ቢሆን ፓርላማ። ክስ ለማንሣት የዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ይበቃል። ተከሳሹ ጥፋተኛም፣ ንጹሕም ሳይባል ይወጣል፤ ተበድያለሁ የሚለውም ወገን የሚያነበው ፍርድ የለውም። አቶ እስክንድር ከሳሾቻቸውን ፍርድ ቤት ማሸነፍ ቢፈልጉ እንኳ የሚያሸንፉበት ችሎት ከሥራቸው ተወሰደ።

በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በቅድመ ሁኔታ ስለሚሰጥ ምሕረት ይናገራል። አንቀጽ 28 እንዳለ ነው። ቅድመ ሁኔታውን ተሟልቷል የሚለው ማን ነው፤ ሰጪውስ መንግሥት ሲለወጥ ሊሽረው ይችላል ወይ፤ እውነቱን ተናግሮ ምሕረት ያገኘ ሰው የተናገረው የት ይመዘገባል፤ የሟች ቤተሰብስ መዝገቡን የሚያነበው በየትኛው ቢሮ ነው? በየማኅበራችን ስብሰባ «ይፈቱ» እና «ይሰቀሉ» ስንባባል የምናመሸውን ሰዓት ግማሹን ለእነዚህ ጥያቄዎች ብናውለው፣ ወደ አገር ቤት የምንልከው ደብዳቤ አንባቢ ያገኝ ይሆናል።